ከሰባት ቢስ እስከ ጎዶሪያ

ጠጋ በሉማ። እዚያ ማዶ ያላችሁም ወንበራችሁን ሳብ አድርጉና ኑ፤ ወሬው ረጅም ነው፣ ሌሊቱም ገና ነው። ጅቡቲን ያያችሁ ታውቋታላችሁ፣ ያላያችሁም ከተሳቢ ሾፌር ወይም ዕቃው ወደብ ላይ ከቆመበት ነጋዴ ስሟን ሰምታችኋል። እኔ የምኖረው ካርቲየ ሰባት ቢስ ነው። በዚህ ከተማ ብዙው ሰፈር የሚጠራው በቁጥር ነው፤ ከአንድ ጀምሮ ሰባት ይደርስና ከሰባት ጎን ደግሞ ሰባት ቢስ አለ። ቆርቆሮው ከቆርቆሮ ተጠጋግቶ፣ ሶማሌው ከአፋሩ፣ አፋሩ ከየመኑ፣ የመኑ ከሐበሻው ግድግዳ ተጋርቶ የሚያድርበት፣ ቀትር ላይ ጫቱ መጣ ሲባል ተኝቶ የነበረው ሁሉ የሚነቃበት ሰፈር ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ኻምሲን የሚሉት ነፋስ አቧራውን ተሸክሞ ሲነፍስ ውሻም ከጥላው አይወጣም፤ ኅዳር ሲገባ ግን አየሩ ይለዝባል፣ ሰው ማታ ማታ ደጅ ወጥቶ መጫወት ይጀምራል፣ ካሜራ ያንጠለጠሉ እንግዶችም ከሆቴሎቻቸው ብቅ ይላሉ። ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው በዚያ ወቅት ነው። ዘመን ስጠራ ደግሞ በፈረንጆቹ መሆኑን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ባሕር ዳሩ የሚቆጥረው በእነሱ ነውና።

ከቤቴ ጥቂት በር አልፎ አንድ አፋር ጎረቤት አለኝ፤ ሥራው ሰው መምራት ነው። በወጣትነቱ በጋላፊ በኩል የተሳቢ ረዳት ሆኖ እስከ ሚሌ ሲመላለስ አማርኛ ለመደ፣ ከጦር ሰፈር ፈረንሳዮች ደግሞ ፈረንሳይኛ ለመደ፣ ከዚያም አሮጌ ላንድክሩዘር ገዛና እንግዳ ማመላለስ ጀመረ። አማርኛው ጥሩ ነው፤ እርስዎ የሚባል ነገር ብቻ አያውቅም፤ ሽማግሌውንም፣ ሕፃኑንም፣ መኮንኑንም አንተ ነው የሚለው፣ ማንም ተቀይሞት አያውቅም። ፈረንጆቹን አሳል ሐይቅ ያወርዳል፣ ታጁራ ያሳድራል፣ ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ወደ አርታ ባሕር ዳር ወስዶ ያንን ግዙፉን፣ ሰው የማይነካውን ሻርክ ለማየት የሚዋኙበትን ጀልባ ያስይዝላቸዋል።

አንድ ሳምንት የቀጠራቸው እንግዶች ቀሩበትና፣ እሱ ደግሞ ከኦቦክ ወዲያ ያለውን መንገድ ለሚቀጥሉት ሰዎች አይቶ መመለስ ነበረበትና፣ ማታ ከደጄ መጥቶ ቆመና «አባባ፣ መኪናው ባዶ ከሚሄድ ና፣ በናፍጣው ታግዘኛለህ» አለኝ። እኔ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ከድሬዳዋ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ድሬዳዋ ስመላለስ ባሕሩን ያየሁት ከሐዲዱ ጫፍ ሆኜ ነው። እኛ ሐበሾች እንዲህ ነን። ከአገራችን ገቢ ዕቃ ከመቶ ዘጠናው እጅ ያህሉ በዚህ ወደብ ያልፋል እንላለን፣ ክሬኑን እናውቃለን፣ ኮንቴይነሩን እናውቃለን፣ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ ያለውን ዳርቻ ግን አናውቀውም። እኔ ይህን ሳስብ ጥግ ላይ ሻይ የምትሸጠው የወሎ ልጅ ጨዋታችንን ሰምታ ኖሮ «እኔንም ጨምሩኝ» አለች። ለምን ብለን አልጠየቅናትም።

ጎሕ ሳይቀድ ተነሣን። በአሮጌው ባቡር ጣቢያ በኩል እንዲያልፍ ለምኜው አለፈ፤ ሐዲዱን ማየት ልማዴ ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም.፣ ይህ እንኳ በእኛው አቆጣጠር ነው፣ ጃንሆይ ከነቤተሰባቸው ከአዲስ አበባ በባቡር ወርደው፣ ኢንተርፕራይዝ በሚባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ሃይፋ የተሻገሩት ከዚህች ከተማ ነው። መሀል ከተማ ያለው አደባባይ ስሙ ወደ ነፃነት ቀናቸው፣ ወደ ጁን 27፣ ከተለወጠ ቆይቷል፤ ሰዉ ግን ቀጠሮ ሲይዝ አሁንም «ምኒልክ እንገናኝ» ነው የሚለው። ከዚያ ከተማዋን ለቀን በተሳቢዎቹ ሰልፍ መሀል እየተሹለከለክን ወጣንና፣ ዌዓን አለፍንና፣ ወደ አዲስ አበባ ከሚሄደው መንገድ ተገንጥለን ወደ ሰሜን ታጠፍን፤ ከዚያ ወዲህ መንገዱ የእኛ ብቻ ሆነ።

የእኛ ብቻ ሆነ ስል ግን ከመሪያችን በስተቀር ማለቴ ነው፤ እሱ መንገዱን ከሰው ሁሉ ጋር ነው የሚካፈለው። ገና ፀሐይዋ ከመውጣቷ አንድ ፍየል ጠባቂ ሽማግሌ ከሩቅ አየና መኪናውን ዳር አስያዘ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ ወረደ። እጅ ለእጅ ተያያዙ፣ እጃቸውን ሳሙ፣ ከዚያም ሁለቱም ቁጢጥ አሉና ጀመሩ። ዳጉ ነው። ዳጉን መቼም ታውቁታላችሁ፤ ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሳይነጋገሩ አይተላለፉም። ዝናብ የት እንደጣለ፣ የማን ግመል እንደጠፋች፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳለፈ። በዐይን ያዩትን ለብቻ፣ በጆሮ የሰሙትን ለብቻ አድርገው ነው የሚናገሩት፤ የሰማውን አየሁ ያለ ሰው ስሙ ይጠፋል፣ ከዚያ ወዲያ ወሬውን የሚቀበለው የለም። እኔ መጀመሪያ ላይ ቸኩዬ ሰዓቴን አይ ነበር። ወደ መኪናው ተመልሶ ሞተሩን ሲያስነሣ ግን እንዲህ አለን፤ «ጎርፍ ከዳገቱ በታች መንገዱን በልቶታል፤ በላይ እንሄዳለን። ትናንት ሌሊት ደግሞ በእግር ያለፉ ሐበሾች አሉ፤ ብዙ ናቸው፣ ልጆችም አሉባቸው።»

የወሎዋ ልጅ ያን ጊዜ አፏን ከፈተች። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወንድም አላት። ከሐይቅ ከተማ ተነሥቶ በዚህ መንገድ አለፈ፣ በግንቦት ከኦቦክ ደወለላት፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። «ግራ እጁ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለው፤ ትንሽ ሆኖ የጀበና ውኃ ነው የፈሰሰበት» አለች፤ «ወንድሜ፣ ያገኘኸውን ሰው ሁሉ ጠይቅልኝ።» እሱም እሺ አላለም፣ እምቢም አላለም፤ በሚቀጥለው ዳጉ ላይ ግን ግራ እጁን ዘርግቶ ጀርባውን በጣቱ እያሳየ ሲናገር አየነው።

ከዚያ ጉቤት ደረስን። ባሕረ ሰላጤው መጨረሻ ላይ ጠብቦ እንደገና የሚሰፋበት፣ ገደል የከበበው ውኃ ነው፤ መሀሉ ላይ የሰይጣን ደሴት የሚሏት ጠቋራ ጉብታ ቆማለች። ከጉቤት እስከ አሳል ያለው ምድር ደግሞ ገና ሥራው ያላለቀ ምድር ነው፤ በ1978 በኅዳር ወር አርዱኮባ የሚባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አንድ ሳምንት ያህል ነደደ፣ ያፈሰሰው ድንጋይ እስከ ዛሬ እንደ ታረሰ ማሳ ተገለባብጦ ጥቁር ሆኖ ተኝቷል፣ በስንጥቁም እንፋሎት ይወጣል። በዚያ መሀል ቁልቁል ወረድንና አሳል ዳር ቆምን። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ነው፤ በአፍሪካ ከዚህ ዝቅ ያለ መሬት የለም። ጨውነቱ ከባሕር ውኃ አሥር እጥፍ ይሆናል። ውኃው አረንጓዴ ነው፣ ዳሩ በረዶ የሚመስል ጨው ነው፣ ብርሃኑ ከታችም ከላይም ይመታችኋል፣ በኅዳር እንኳ ቀትር ላይ ዐይን መግለጥ አይቻልም።

ይህን ጨው የሸዋ አያቶቻችን በልተውታል። አፋሮቹ በግመል ጭነው በአውሳ በኩል ሽቅብ ያወጡት ነበር፤ ከታጁራ ወደ ሸዋ የሚወስደው የሲራራ መንገድ በዚህ ሐይቅ አጠገብ ነው የሚያልፈው። ክራፕፍ የሚባለው ሚሲዮናዊ በ1839 በዚህ አለፈ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ካፒቴን ሃሪስ የሚባል እንግሊዛዊ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እጅ መንሻ ጭኖ በግንቦት ታጁራ ላይ ወረደ፣ በሙቀቱ ወቅት ከነጓዙ እዚህ አሳል ዳር ደረሰ፣ ውኃ አልቆባቸው ሰውና ከብት ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ሐይቁን ካለፉ በኋላም ሌሊት ተኝተው ሳሉ ከባልደረቦቹ ሦስቱ ታረዱ። የቀሩት አንኮበር የደረሱት ራስ አል ቃፊላ በሚሉት የሲራራ አለቃ ነው። ያ አለቃ መንገድ የሚያሳይ ብቻ አይደለም፤ ከየጎሳው ጋር የሚዋዋለው፣ ውኃው የት እንዳለ የሚያውቀው፣ ሰው ሲገደልም የሚጠየቀው እሱ ነው። ሃሪስ በመጽሐፉ በእነዚህ ሰዎች ላይ ብዙ ምሬት ጽፏል፤ ዘገዩ ይላል፣ ሰነፉ ይላል፣ ገንዘብ ወደዱ ይላል። እኔ ግን እላለሁ፣ ምሬቱን የጻፈው በሕይወት ስለደረሰ ነው፤ በሕይወት ያደረሱት ደግሞ እነሱ ናቸው።

ከሐይቁ ስንወጣ መሪያችን መኪናውን አንድ የድንጋይ ክምር አጠገብ አቆመ። ክምሩ ሰው የሚያህል ርዝመት አለው፤ ከጎኑ ሌላ አለ፣ ከዚያም ሌላ። ማንም ሳይነግረን ገባን። በየዓመቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የአገራችን ልጆች፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ትግሬው፣ በዚህ በጥቁር ድንጋይ መሀል በእግራቸው ነው ወደ ኦቦክ የሚሄዱት፤ ሌሊት ይጓዛሉ፣ ቀን በድንጋይ ጥላ ይሸጎጣሉ፣ ውኃ ያለቀበት እዚያው ይቀራል፣ ያገኘው እረኛ ድንጋይ ያለብሰዋል። በ2013 ፖል ሳሎፔክ የሚባል አሜሪካዊ ጸሐፊ የጥንት ሰዎችን መንገድ ተከትሎ ከአፋር ምድር በእግሩ ሲነሣ፣ በዚህ በረሃ የሞቱ መንገደኞች አስከሬን ላይ ደርሶ ጽፏል። መሪያችን ከመኪናው ኋላ ቢጫ ጀሪካን አወጣና ከክምሩ ራቅ ብሎ፣ ከመንገዱ በሚታይ ቦታ፣ ጥላ ውስጥ አስቀመጠው፣ አፉን አጠበቀ፣ አጠገቡ ነጭ ድንጋይ ጣለበት። «ፈረንጆች ሲኖሩም እንዲህ ታደርጋለህ?» አልኩት። «ሲኖሩ ምን ይሆናል? ጀሪካኑን ፎቶ ያነሣሉ» አለኝ።

ታጁራ የደረስነው ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። አቤት ታጁራ! ከኋላዋ ተራራ፣ ከፊቷ ባሕር፣ መሀል ላይ ነጭ ነጭ ቤቶች፣ የሰባት መስጊድ ከተማ የሚሏት፣ ዳርዳር የሚባለው የአፋር ሱልጣን መቀመጫ። ነፋሱ ከባሕሩ ይመጣል፣ ፍየሎች በአሸዋው ላይ ይተኛሉ፣ ልጆች ከድልድዩ ወደ ውኃው ይዘላሉ። ለማየት የመጣ ሰው ትልቅ ፍርስራሽ የለም ብሎ ቅር ሊለው ይችላል፤ አሮጌው ነገር እዚህ ውስጡ ይኖርበታል እንጂ አልታጠረም። መስጊዱ ይሰገድበታል፣ የጥንቱ ግድግዳ ላይ መረብ ይሰቀልበታል። ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ በ2017 የተመረቀው አዲሱ ወደብ አለ፤ እሱም የተሠራው የእኛን ዕቃ ለማስተናገድ ታስቦ ነው።

እዚህ ነው ራምቦ የተንገላታው። የሐረር ሰዎች ራምቦ የሚሉት ያ ፈረንሳዊ ባለቅኔ፣ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ፣ ለምኒልክ የሚሸጠው ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ ይዞ በ1885 መጨረሻ እዚህ ወረደና ግመል አጣ፣ ፈቃድ አጣ፣ አንዱ ሸሪኩ ታመመና ሞተ፣ ሌላው ኤደን ላይ ወድቆ ሞተ፣ እሱ ግን አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በ1886 ጥቅምት፣ ሲራራውን አስነሥቶ በዚያው እኛ በመጣንበት በረሃ አለፈ። በየካቲት አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ የሉም፣ ሐረርን ሊይዙ ዘምተዋል፤ እንጦጦ ላይ ተገናኙና ባሰበው ዋጋ ሳይሆን በተባለው ዋጋ ሸጠ። ይህን ታሪክ መሪያችን ሳያቋርጥ ይወጣዋል፤ ፈረንሳዮቹ የሚጠይቁት ይህን ነዋ።

ሌላም ታሪክ አለ፣ እሱን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዚያው መንገድ፣ ከዚያው ከሸዋና ከሸዋ ወዲያ፣ ልጆች እየተነዱ መጥተው በዚህ አሸዋ ላይ ተቆጥረው ወደ ዓረብ አገር ተጭነዋል። ጠመንጃው ወደ ላይ ሲወጣ ሰው ወደ ታች ይወርድ ነበር። እኔ ጠየቅሁት። ወደ ዳርቻው ወሰደኝና ዝም ብሎ ማዶውን አሳየኝ፣ ከዚያ «አያቴ ያወራ ነበር» አለ፤ «ያየውን ሳይሆን የሰማውን።» የወሎዋ ልጅ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውኃው ውስጥ ከትታ ቆማ ነበር፣ የሰማች አልመሰለኝም። ማታ የተጠበሰ ዓሣ በትኩስ ቂጣ በልተን ስናበቃ ግን «ያን ጊዜ በግድ፣ አሁን በገንዘባችን» አለችና ተነሥታ ሄደች።

በማግሥቱ የባሕሩን ዳር ይዘን ወደ ኦቦክ። መንገዱ ጥሩ ነው፣ ከስድሳ ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍ፤ ነገር ግን መሪያችን የቆመበት ዳጉ ሲደመር ግማሽ ቀን ወሰደብን። ደግሞም በዚያ መንገድ ሰው ነበረ። ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት ሆነው፣ ፕላስቲክ ጠርሙስ በገመድ አንጠልጥለው፣ ነጠላ ጫማ አድርገው። የወሎዋ ልጅ በመስኮት እየወጣች በአማርኛ ትጣራለች፣ አንዳንዱ በኦሮምኛ ይመልሳል፣ አንዳንዱ ፖሊስ መስለነው ወደ ቁጥቋጦ ይሮጣል። ዳቦአችንን አከፋፈልን፣ ውኃችንን አከፋፈልን፣ ማሳፈር ግን አልቻልንም፤ ስደተኛ ጭኖ የተገኘ ሰው መኪናውንም እጁንም ነው የሚሰጠው። ይህን ስለነገርኋችሁ ንጹሕ ሰው አልሆንም። አለፍናቸው።

መሪያችን ያን ቀን ከወትሮው ረዘም አድርጎ ተናገረ። «አባባ፣ ስማኝ» አለ፤ «እኔ ይዤህ ስሄድ ብትሞት ልጆችህ ወደ ጎሳዬ ይመጣሉ። ጎሳዬ እኔን ይጠይቃል። ስለዚህ አትሞትም። እነዚህን ልጆች ግን ከጋላፊ አንዱ ይቀበላቸዋል፣ አሳል ላይ ለሌላው ይሸጣቸዋል፣ ኦቦክ ላይ ሦስተኛው፣ ጀልባ ላይ አራተኛው። ከሞቱ ማንን ትይዛለህ? ሁሉም ‹ከእኔ ሲሄድ ደህና ነበር› ይልሃል።» እኔም ራስ አል ቃፊላውን አሰብሁና ዝም አልሁ። ደላላውም መሪ ይባላል፣ እሱም መሪ ይባላል።

ኦቦክ ጸጥ ያለች ከተማ ናት፣ የነበረችውን የማትመስል። በመጋቢት 1862 ፈረንሳዮች ከአፋር አለቆች በ10,000 ጠገራ ብር ገዟት፤ ስዊዝ ገና ተቆፍሮ አላለቀም፣ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ለሚሄዱ መርከቦች ከሰል ማራገፊያ ይሆነናል ብለው ነው። ከ1884 ጀምሮ ላጋርድ የሚባል ገዢ ተቀመጠባት፤ ይህ ላጋርድ ኋላ ከምኒልክ ዘንድ በመልእክተኝነት የተመላለሰው ነው። ነገር ግን ወደቧ ለነፋስ የተጋለጠ ነበርና በ1888 ማዶ ያለችውን ጅቡቲን ቆረቆሩ፣ ብዙም ሳይቆዩ ሁሉን ነቅለው ተሻገሩ። የቀረው የገዢው ቤት፣ የኮንትሮባንዱ ጌታና ጸሐፊው ሞንፍሬይ የኖረበት ቤት፣ ራስ ቢር ላይ ያለው የመርከብ መብራት፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ መቃብሩ ነው። ባሕር ዳር አሸዋ ላይ መስቀሎች ተደርድረዋል፤ ወደ ቶንኪን ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ ንዳድ የገደላቸው የፈረንሳይ ወታደሮች ናቸው። እንግዶች እዚህ ረዥም ጊዜ ይቆማሉ። እኔም ቆምሁ፤ የሃያ ዓመት ልጅ የትም ይሙት የትም ያሳዝናል።

እዚያው ከተማ ውስጥ የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት መጠለያ አለ፣ ወደ አገራቸው መመለስ የፈለጉትን የሚቀበል። ከተማው ዳር ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ጦርነት ሸሽተው ከየመን የተሻገሩ ሰዎች የሚኖሩበት ካምፕ አለ። አስቡት፤ የመኑ ከጥይት ሸሽቶ ወደዚህ ሲመጣ የእኛ ልጅ በዚያው ባሕር ወደዚያ ይሄዳል። የወሎዋ ልጅ መጠለያው በር ላይ የወንድሟን ፎቶ በስልኳ ይዛ ረዥም ሰዓት ቆመች፣ ወጪ ገቢውን ጠየቀች፣ የሚያውቀው አልተገኘም።

ጎዶሪያ ከኦቦክ በስተሰሜን ነው። እንግዶቹ የሚወዱት እሱን ነው፤ በዚያ ሁሉ ደረቅ ምድር መጨረሻ ላይ ድንገት አረንጓዴ ደን፣ ሥሩ በባሕር ውኃ ውስጥ የቆመ፣ ወፎች የሰፈሩበት፣ ውኃው ሲጎድል ሸርጣን በጭቃው ላይ የሚራወጥበት። በእውነት ውብ ነው፤ ውበቱን አልክድም። በዚያው ባሕር ጥር 2019 ሰው የጫኑ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሚያዝያ 2024 ላይ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ መጀመሪያ 38፣ ቀጥሎ ከ20 በላይ፤ እነዚህስ ከየመን ወደ አገራቸው ሲመለሱ ነበር፣ ተስፋ ቆርጠው ሲመለሱ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ኾር አንጋር አጠገብ ደግሞ 45፤ እነሱም ተመላሾች። በመጋቢት 2021 ላይማ ጀልባዋ ከበዳት ብለው ደላሎቹ ሰው በሰው ላይ ወደ ባሕር ወረወሩ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባውን እየጎተተ መጣና ከመሪያችን ጋር ዳጉ ተቀመጡ። ግራ እጅ፣ የእጅ ጀርባ፣ ጣት። ዓሣ አጥማጁ አሰበ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ለሚያገኛቸው እንደሚያደርስ ተናገረ።

ማታ በዚያው በባሕሩ ዳር አደርን። ሻይ አፈላችልን፣ ወሬም እንዳይጠፋ መሪያችን ስለ አቡርማ ነገረን። ከታጁራ በስተሰሜን ባለው ተራራ ውስጥ ነው፤ መኪና ከሚቆምበት አንድ ሰዓት ያህል በእግር ተኪዶ፣ ሦስት ኪሎ ሜትር በሚሆን ጥቁር ገደል ላይ ወደ 900 የሚደርስ ሥዕል ተቀርጿል፤ አንዳንዱ 7,000 ዓመት ይሆነዋል ይላሉ አጥኚዎቹ። እነሱን እየመሩ ያደረሷቸው የአካባቢው ግመል ጠባቂዎች ናቸው፤ እነሱማ ከአያት ከቅድመ አያት ያውቁታል። ቀጭኔ አለበት አለን፣ ሰጎን አለበት፣ ከብት አለበት፣ ቀስት የያዘ ሰው አለበት። «ቀጭኔ? እዚህ?» አለች የወሎዋ ልጅ። «ያን ጊዜ ሣር ነበር» አላት፤ «ውኃም ነበር። ሰዉ አይሰደድም ነበር አልልሽም፤ አላየሁም።» ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ስለ ቀጭኔ ብቻ ስናወራ አመሸን።

ወደ ሰባት ቢስ ተመለስን፣ ጫቱ መጣ፣ ሄደ፣ ሰዉ ወደ ሥራው ገባ። እሷም ሻይዋን መሸጥ ቀጠለች፣ አንድም ቀን ወሬ መጣ ወይ ብላ አልጠየቀችም፤ መሪያችን ሲያልፍ ግን ቀና ብላ ታየዋለች፣ እሱም ራሱን ይነቀንቃል። ጥር ገብቶ ካጋመሰ በኋላ አንድ ማታ ከጉዞ ሲመለስ አቧራውን ሳያራግፍ በቀጥታ ወደ ጥጓ መጣና ቁጢጥ አለ። እሷም ገባትና ከበርጩማዋ ወርዳ ቁጢጥ አለች።

«በዐይኔ አላየሁም» ብሎ ጀመረ። «ካየ ሰው ነው የሰማሁት፤ ያየው ሰው የማምነው ሰው ነው። ከኾር አንጋር ወዲህ ዓሣ አጥማጆች ዘንድ አንድ ሐበሻ ልጅ አለ። መረብ ይጠግናል። ግራ እጁ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለው። ስሙን አልነገሩኝም፣ እኔም አልጨምርም።»

እሷ አላለቀሰችም፣ እልልም አላለች። «ናፍጣው ስንት ይፈጃል?» አለችው።

«ለአንድ ሰውም ለአራት ሰውም ያው ነው።»

«ፈረንጅ የምታስከፍለውን አትንገረኝ፤ የጎረቤቱን ንገረኝ።»

ነገራት። በዛ አለች። ቀነሰ። አሁንም በዛ አለች። እኔ መሀል ገባሁ፣ የሶማሌዋ ጎረቤታችንም ከበሯ ሆና ገባች፣ ሌላውም ገባ፣ በመጨረሻ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ዕቁቧ ሲወጣላት ልትሰጠው ተስማሙና፣ ዓርብ ከጸሎት በኋላ ሊነሡ ተቃጠሩ።